የእንጦጦ ቀጋ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ወደ እንጦጦ ተራራ በእግር ስንወጣ፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ወጣ ብሎ የበቀለ አንድ ቍጥቋጦ ልብሳችንን ይዞ አስቆመን። ይህም ቀጋ የሚባለው የአገራችን ጽጌረዳ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1820 «ሮዛ አቢሲኒካ» በሚል ስም መዝግበውታል።

እሾሁ እንደ መንጠቆ የቈለመመ ነው፤ ነገር ግን የሚበቅለው ከእንጨቱ ሳይሆን ከልጡ ስለ ሆነ፣ በጣት ሲገፉት ይነቀላል። ቅጠሉ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ሲሆን በአንድ ዘንግ ላይ እስከ 7 ይደረደራል። አበባው ነጭና ባለ 5 ቅጠል ነው፤ መዓዛውም ደስ ያሰኛል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል። የሚበላው ሥጋ ያበጠው የአበባው መቀመጫ ነው፤ እውነተኞቹ ፍሬዎች በውስጡ ያሉት ጠጣሮች ናቸው።

ዛሬ አገራችን ከውጭ በመጣ ዘር ያለማችውን ጽጌረዳ ለአውሮፓ ትሸጣለች፤ ሳይተክሉት የበቀለው ቀጋ ግን ለአጥርና ለማገዶ ይቈረጣል። አንድ እረኛ ልጅ ከለቀመው ፍሬ አካፈለን። እኛም ሥጋውን በልተን፣ ዘሩን ከአጥራችን ሥር ልንተክለው በወረቀት ጠቅልለን ወረድን።