የጓዳው በር



 

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቤታችን ማድ ቤትና ስለ ጓዳው ነው። እኔ የመድረሳ አስተማሪ እንጂ ግንበኛ አይደለሁም፤ ስለ ብሎኬትና ስለ ጣውላ የማውቀውም ከባለሙያዎቹ አፍ የሰማሁትን ብቻ ነው። ቢሆንም ቤት የምታድሱ ካላችሁ ከዚህ የምትወስዱት አይጠፋም። ሌላም የምነግራችሁ ጉዳይ አለ፤ እሱ በቦታው ይመጣል።

ደሴ ላይ የምንኖርበት ቤት፣ እንደ ብዙው የሰፈራችን ቤት፣ ማድ ቤቱ በጓሮ ለብቻው የቆመ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ጥላሸት የጠጣ ቆርቆሮ፣ ወለሉም አፈር ነው። በክረምት ባለቤቴ የፈላ ድስት ይዛ፣ ዝናብ እየወረደባት ግቢውን ታቋርጣለች። ጓዳ የሚባል ነገር ስላልነበረን የጤፉ ጆንያ ከልጆቹ መኝታ ጥግ፣ የዘይቱ ጄሪካን ከእኛ አልጋ ሥር፣ ስኒውና ትሪው ደግሞ ሳሎን ካለው ቁም ሳጥን ነበር የሚቀመጠው። ወንድ እንግዶች ሳሎን ከተቀመጡ እሷ አንድ ስኒ ለማውጣት ልጅ መጥራት ነበረባት። ልጁም ስኒውን ሲያመጣ ስኳሩን ይረሳል፤ ለስኳሩ ሲላክ ማንኪያውን ይረሳል። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት በቤታችን የሩጫ ሰዓት ነበረች፤ እኔ ቴምሬን ይዤ አዛን ስጠብቅ እሷ ገና ግቢ ውስጥ ናት። ይህን ለዓመታት እያየሁ አላየሁትም።

እቁብ በደረሰን ጊዜ የእኔ አሳብ ሳሎኑን ማስፋት ነበር። ለዒድ ዘመድ ሲሰበሰብ ጉልበት ለጉልበት እየተጋፋን ነው የምንቀመጠው። ባለቤቴ አሳቤን ሰምታ ስትጨርስ ከምድጃው ከሰል አንሥታ በግቢው ሲሚንቶ ላይ መስመር አሰመረች።

"ይሄ ሳሎን፣ ይሄ ማድ ቤት። ማድ ቤቱ ወደ ቤቱ ይጠጋ፤ በሁለቱ መካከል ግን ጓዳ ይግባ" አለች።

"ማድ ቤቱን በቀጥታ ከሳሎኑ ብናገናኘው አንድ ግድግዳ ይቀርልናል እኮ።"

"ግድግዳው ይቀርልሃል፤ ጭሱና የሽንኩርቱ ሽታ ግን እንግዳህ ላይ ይመጣል። ጓዳው መካከል ከገባ በሁለት በር ይታገዳል። ምግቡን እዚያው አዘጋጅቼ በመስኮት አቀብልሃለሁ። እኔም እንግዳ ፊት አልመላለስም፣ ዝናብም አያገኘኝ።"

ይህን ሁሉ ያሰበችው በዚያች ቀን እንዳልሆነ ከአነጋገሯ ገባኝ።

ሌላም ምክንያት ነበራት። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ መብራት ጠፍቶ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ቆመ፤ ሱቆችም ተዘጉ። በቤታችን የነበረው ዱቄት በጥቂት ቀን አለቀና ያልተፈጨ ስንዴ ብቻ ቀረን። ከዚያ በኋላ ቆሎና ንፍሮ ነበር ምግባችን። አብራን የምትኖረው እናቴ ንፍሮው ሲቀርብላት አልነካችውም። ጥርስ ስለሌላት ነው ብለን ባለቤቴ ስንዴውን በሙቀጫ ወቅጣ ገንፎ ሠራችላት፤ እሱን በላች። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ የሁለት ወር ዱቄት ቤት ውስጥ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ቀለብ ማስቀመጥ ከተወኩል ጋር ይጋጫል የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ዑመር (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከሚበላው ጥቂት በቀር እህሉ ከነዛላው እንዲቀመጥ ማዘዛቸውን ቁርኣን ይነግረናል። የተከለከለው ኢሕቲካር፣ ማለትም ዋጋ እስኪወደድ እህል ከገበያ ሸሽጎ መያዝ ነው። ሆኖም አንድ ሐዲሥ ሁልጊዜ ያቆመኛል። በአንድ ዓመት የተቸገሩ የገጠር ሰዎች ወደ መዲና በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኡድሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከለከሉ፤ ችግሩ ካለፈ በኋላ ግን መብላትም፣ መስጠትም፣ ማስቀመጥም ፈቀዱ። አንዱ ሥጋ፣ ደጅ ላይ በቆመው ሰው ምክንያት ፍርዱ ተለየ። ይህንን ሐዲሥ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት አላስታውስም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ግንበኛው "ኡስታዝ፣ ለጆንያ ማስቀመጫ ይህን ያህል ቦታ ምን ያደርግልዎታል?" ብሎኝ ነበር። መልሱን የሰጠችው ባለቤቴ ናት። ትልቁን የኢፍጣር ትሪ አምጥታ በተዘረጉት ሁለት ገመዶች መካከል ይዛው ሄደች። ትሪው 70 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መተላለፊያው 90 እንዲሆን ተስማማን። በአንድ በኩል ምግብ የሚዘጋጅበት 60 ሳንቲ ሜትር ጠረጴዛ፣ በሌላው በኩል 40 ሳንቲ ሜትር መደርደሪያ ሲጨመር ወርዱ 1 ሜትር ከ90 ሆነ። ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። ከራስ በላይ ያሉት መደርደሪያዎች 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ከጠለቁ ከኋላ የገባው ዕቃ ይረሳል፤ ሲገኝም ተበላሽቶ ነው።

ጆንያ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ግድግዳም አይነካም። ሲሚንቶ እርጥበት ስለሚስብ ከሥር አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ አሠራን። መስኮቷን በሰሜን በኩል አውጥተን የወንፊት ሽቦ መታንባት፤ ፀሐይ የሚያርፍበት ዘይት ቶሎ ይከረፋልና። ጤፍ በደቃቅነቱ ነቀዝ ብዙ አይደፍረውም፤ ባቄላውና ማሽላው ግን ሳይደርቅ ከታሸገ አለቀለት። በርበሬና ሽሮ ደግሞ ከወፍጮ ትኩስ እንደወጣ ከተከደነ ያልበውና ይሻግታል፤ ተዘርግቶ መቀዝቀዝ አለበት። ይህን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ነው የተማርኩት።

ግንበኛው የኤሌክትሪክ ምጣዱን ጓዳ ልናስገባው እንችላለን ብሎ ነበር። እምቢ አልን፤ የምጣድ እንፋሎት ባለበት ዱቄት አይቀመጥም። ምጣዱ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚስብ ማድ ቤት ውስጥ የራሱ መስመር ተዘረጋለት። የጋዝ ሲሊንደር ያላችሁ ደግሞ ጓዳ እንዳታስገቡት አደራ እላችኋለሁ፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ለወለል ይተኛል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች። የእኛን ከውጭ አቆምነው። በረኪናና ላምባም ከምግብ ጋር አይደረደሩም።

ሥራው ሊያልቅ ሲል አናጺው "ቁልፉ በየትኛው በር ይግባ?" ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ "በሁለቱም" አለች። ልጆቹ ስኳር እየዘገኑ አስቸግረዋት ነበር። እናቴ ግቢ ውስጥ አጎዛዋ ላይ ተቀምጣ ተስቢሕ ታደርጋለች።

"ቁልፍ አይግባበት" አለች።

ለልጆቹ አዝና መስሎን ሳቅን። እሷ ግን ተነሣች። ግድግዳውን ይዛ እስከ ጓዳው በር መጣችና እጇን መቃኑ ላይ አሳርፋ ቆመች። "ቁልፍ ከገባበት እኔ እዚህ ቤት አልበላም" አለች። አናጺው አንዱን በር ቀድሞ በስቶት ነበር፤ መሰርሰሪያውን አስቀመጠ።

ያን ዕለት ከዒሻ በኋላ ጠራችኝ።

በ1977 ዓ.ም. እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ቃሉ ገጠር ውስጥ ነው፤ አባቴ ሥራ ፍለጋ አሰብ ወርዶ አራት ልጆቿን ይዛ የቀረችው እናቴ ነበረች። ድርቁ ከብቱን ጨርሶ ሰው ወደ ባቲ መጠለያ ይጎርፍ ነበር። በጓዳችን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ካለው ጎታ ሥር፣ አምስት ጣሳ ማሽላ ቀርቶን ነበር። በጥቅምት ወር አንድ ማታ ጎረቤታችን ልጇን አዝላ መጣች። እኔ ስወለድ እናቴን በአራስነቷ ገንፎ ያበላቻት እሷ ናት።

"'ለልጄ አንድ እፍኝ' አለችኝ" አለች እናቴ። "መጋረጃውን በጀርባዬ ይዤ 'ወላሂ የለኝም' አልኳት።"

ሴትዮዋ "አላህ ይስጥሽ" ብላ ሄደች። በማግሥቱ ከሱብሒ በፊት ወደ ባቲ ወረደች። ከዚያ በኋላ ስለ እሷም ሆነ ስለ ልጇ እናቴ የሰማችው ወሬ የለም።

ያቺን ሌሊት እኔ አውቃታለሁ። እናታችን በእኩለ ሌሊት ቀስቅሳን፣ ድምፅ እንዳናሰማ ነግራን፣ በጨለማ የሞቀ የማሽላ ንፍሮ አበላችን። ከልጅነቴ ትዝታዎች ሁሉ የምወደው እሱን ነበር። ለልጆቼም ስንት ጊዜ እንደ ተረት አውርቼላቸዋለሁ። በ2014 ንፍሮውን ያልነካችበት ምክንያትም ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔም እንደ አስተማሪነቴ መናገር ጀመርኩ። ሰው መጀመሪያ የሚያስተዳድራቸውን መመገብ እንዳለበት፣ የአራት ሕፃናት ነፍስ በእጇ እንደነበረ ነገርኳት።

"እሱስ ይሁን። መሐላውስ?" አለች።

ሆን ተብሎ በሐሰት የሚማል መሐላ ከከባባድ ወንጀሎች የሚቆጠር መሆኑን እሷም ታውቃለች። ብዙ ዑለማዎች ተውባ እንጂ ከፋራ የለውም ይላሉ፤ የሻፊዒ መዝሀብ ግን ከፋራ አለበት ይላል፤ ይኸውም አሥር ድሆችን ማብላት ነው። ይህንን ስነግራት ጥቂት ዝም አለችና "አሥሩን አበላለሁ፤ ይሄ ቀላል ነው። እሷን ግን የት አግኝቼ?" አለች። የሰው ሐቅ ባለቤቱ ዐፍው ካላለ እንደማይወርድ ለተማሪዎቼ የማስተምረው እኔ ነኝ። የምመልስላት አጣሁ።

በአዲሱ ማድ ቤት መጀመሪያ የተሠራው ምግብ የእናቴ ከፋራ ሆነ። ባለቤቴ በጓዳው መስኮት እያቀበለች እኔና ልጆቼ አስተናገድን። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ እያንዳንዱ እስኪጠግብ ድረስ አልተነሣችም። የስኳሩን ነገር ባለቤቴ ጣሳውን ከላይኛው መደርደሪያ በማድረግ ጨርሳዋለች። ለቁልፉ የተበሳው ቀዳዳ እንዳለ ነው፤ ትንሹ ልጄ በዚያ በኩል ያያል።

ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ስነሣ አላህ የሸሸገውን የእናቴን ነገር መግለጥ ከበደኝ። ፈቃዷን ጠየቅኋት። "ጻፈው። እሷ ወይም ልጇ በሕይወት ካሉ አንድ ሰው ያነብላቸው ይሆናል" አለች። ስለዚህ ስሟን አልጠቅስም፤ ራሷ ግን ታውቀዋለች። በ1977 ጥቅምት ወር ልጇን አዝላ ከቃሉ ወደ ባቲ የወረደች፣ ከመንገዷ በፊት በነበረው ማታ ጎረቤቷ ደጅ ላይ አንድ እፍኝ ማሽላ የጠየቀች ሴት፣ ወይም ያ የታዘለው ልጅ፣ ይህ ከደረሳችሁ እናቴ ማሽላው ነበረኝ ትላችኋለች። ዐፍው እንድትሏትም ትለምናችኋለች።