ያልጠየቅነው ምስክር

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን 250 ገደማ ቦታዎች ተከማችቶ የነበረ፣ 1,500 ቶን የሚጠጋ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ተለቅሞና ታሽጎ ባሕር ተሻገረ፤ ፊንላንድ ውስጥም ተቃጠለ። በዚያው ሰሞን፣ በ2002፣ ኢትዮጵያ በአካባቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎች የሚደነግገውን የስቶክሆልም ስምምነት ፈረመች፤ በ2003 መጀመሪያም አባል ሆነች። ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በ2004 ነውና ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነበርን። የሚረዳን ነበር፤ የሚያስተምረን ነበር። የሚያንገበግበኝ ያ ወቅት ነው። መጋዘን ጠርገን ሥራው ያለቀ መሰለን።

መርዙ ግን መጋዘን ውስጥ ብቻ አልነበረም። ወሎ ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የወባ መከላከል ሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛው የቆቦ ጨርጨር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በአገሪቱ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታልና ስምምነቱ ከሚመለከታቸው ኬሚካሎች አንዱ የሆነው ዲዲቲ የተረጨው ለበጎ ነበር፤ ያን አልክድም። የወባ ሰዎች ሲመጡ ሌማቱ፣ እንስራው፣ መደቡ ላይ የተነጠፈው ቁርበት ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ይረጫል፤ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ከዚያ እቃው ይመለሳል፤ ልጆችም እዚያው ግድግዳ ሥር ይተኛሉ። ይህ ለአሥርተ ዓመታት ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ትንኟ ስለተላመደችው ለቤት ርጭት መዋሉ ቆመ። የተረፈው በየወረዳው መጋዘን ቀረ። ከዚያ እየሾለከ የወጣው ደግሞ እህል ጆንያ ላይና ጫት ማሳ ውስጥ ገባ።

ዲዲቲ ውሃ አያሟሟውም፤ ስብ ላይና ደለል ላይ ይጣበቃል። ዝናብ ከማሳ አጥቦ ወደ ቆላው ይወስደዋል፤ ሙቀት አስነስቶ በነፋስ ድንበር ያሻግረዋል። ከደቃቅ ሕይወት ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ አምባዛ፣ ከአምባዛ ወደ ሰው ሲተላለፍ በየደረጃው ይከማቻል። አንድ አገር ብቻውን ሊቆጣጠረው የማይችለውም ለዚህ ነው።

አሁን ሐይቅ ተብሎ የሚጠራውን የወሎውን ሐይቃችንን እንይ። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር፣ ውሃው በወንዝ የሚወጣበት በር የለውም። ከአርዲቦ በኩል፣ ከተሁለደሬና ከአምባሰል ተዳፋት የሚታጠበው ደለል እዚያው ይተኛል። እ.ኤ.አ. በ2003፣ ማለትም አገራችን የስምምነቱ አባል በሆነችበት ዓመት፣ ኢየን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና መሐመድ ኡመር ከሐይቅና ከአርዲቦ ሥር ያወጡትን ጭቃ መርምረው የ3,000 ዓመት የደን ታሪክ አሳተሙ። ዝግባና ጽዱ መቼ እንደተመነጠረ፣ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ደን እንዴት መልሶ እንደበቀለ በአበባ ብናኝ ቆጥረው አሳዩ። ያው ጭቃ በላይኛው ድርብርቡ የእኛን ዘመን ይዟል። ዲዲቲ ከጊዜ ብዛት ወደ ዲዲኢ ይለወጣል፤ ስለዚህ የሁለቱን መጠን አነጻጽሮ መርዙ የአያቶቻችን ዘመን ርጭት ይሁን የትናንት መለየት ይቻላል። በአንድ እጃችን ስምምነት፣ በሌላው እጃችን ይህን የመሰለ ምስክር ይዘን አላገናኘናቸውም። ፊርማ ብቻውን ምን እንደሆነ ደግሞ የውጫሌ ውል ከተፈረመበት ከአምባሰል ሰው በላይ ማን ሊያውቅ ነበር?

ዓለም አቀፉ ክትትል በአየርና በእናት ጡት ወተት ላይ ያተኩራል። በአፍሪካ ዕቅድ ውስጥ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከግብፅና ከሌሎችም ጋር ተሰልፈናል። የብዙ እናቶች ወተት ተደባልቆ ጀርመን ፍራይቡርግ ይላካል፤ ለአገር አንድ ቁጥር ይወጣለታል። ያ ቁጥር አገርን ከአገር ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሐይቅን ከጅማ ግን አይለይም። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ተመራማሪዎች ለብቻቸው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ውጤት፣ ሕፃን በቀን ከጡት የሚያገኘው ዲዲቲ ዓለም አቀፉ መጠን ከሚፈቅደው በሦስት እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ይህ እናትን ጡት የሚያስጥል አይደለም፤ የጡት ወተት ጥቅም አሁንም ይበልጣል። ግን መንግሥትን እንቅልፍ የሚነሳ ውጤት ነው። የሐይቅ ጭቃ በዓለም አቀፉ ዕቅድ ዋና ናሙናዎች ውስጥ የለም፤ ያንን መጨመር የእኛ ፋንታ ነበር።

እኛ ቆመን ዝርዝሩ ረዘመ። በ12 ኬሚካሎች የጀመረው ስምምነት ዛሬ ከ30 በላይ ይዟል። ኢንዶሰልፋን እ.ኤ.አ. በ2011 ገባ። በአንበጣው ወረራ ጊዜ በአገራችን ከተረጩት አንዱ የሆነው ክሎርፒሪፎስም እ.ኤ.አ. በ2025 ተጨመረ። ያኔ መዝግበን ብንጀምር ኖሮ ዛሬ ከአንበጣው በፊትና በኋላ ያለውን እናነጻጽር ነበር። ያለፈ ዓመት ናሙና ደግሞ በገንዘብ አይገዛም፤ የስምምነቱ አባል በሆንንበት በ1995 ዓ.ም. ያልተቀዳ ወተት፣ ያልተመዘነ ዓሣ ለዘላለም አመለጠ።

የሚያሳፍረው ይህ የሆነበት ቦታ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስጻፉት ወንጌል ዛሬም አለ። መጽሐፍ ለሰባት መቶ ዓመት ጠብቆ ያቆየ አገር፣ በማሳው ላይ የረጨውን መርዝ የሚመዘግብ አንድ መዝገብ አጣ።

ሃያ ዓመት አባክነናል፤ ይህን ማለባበስ አይጠቅምም። ግን ጭቃው ከታች ያለውን ይዞ ቆይቷልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳዎች፣ ለዚህ ሌላ ስምምነት አትጠብቁ። በመጪው በጋ ከሐይቁ ሥር ጭቃ ይውጣ፤ አምባዛውና ቆሮሶው ይመርመር፤ በየመጋዘኑ የቀረው ዲዲቲ ይመዘን፤ በየዓመቱም ይደገም። ውጤቱ በመጀመሪያ የሚነገረው ዓሣውን ለሚበላው የሐይቅና የአምባሰል ሰው ይሁን።