«ና» ስንለው ያልመጣው ልጅ



ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ፊደል ነው። ፊደሏ «ና» ናት። ወጋችን የሚጀምረው ከራሳችን ጥፋት ስለሆነ እሱን ሳንደብቅ እናስቀድማለን።

በመስጂዳችን የኢማማችን ረዳት ሆነን ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆች እናስቀራለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ወደ መድረሳችን መጣ። ከገጠር ገና መግባቱ ነበር። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛ አይሰማም። እኛ ግን ስሙን መዘገብን እንጂ ይህን አልጠየቅንም። ተራው ደርሶ ቃዒዳውን ይዞ እንዲቀርብ «ና!» አልነው። ቀና ብሎ አየን፤ አልተነሳም። ድምፃችንን ከፍ አድርገን «ና!» አልን። አሁንም ዓይን ዓይናችንን እያየ ተቀመጠ። ሦስተኛ ስንጠራው ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። እኛም እንደተናቅን ቆጠርነውና እስከ መግሪብ በር አጠገብ አቆምነው።

አያቱ ሊወስዱት መጡ። ልጁን በቋንቋቸው ጠየቁት፤ መልሱን ሰምተው መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ኡስታዝ፣ ልጁ እኮ እምቢ አላለም። ቀሪውን እየጠበቀ ነበር» አሉን።

ለካ በአፋን ኦሮሞ «ና» ማለት «እኔን» ማለት ነው። «ና ኤጊ» ጠብቀኝ፣ «ና ጋርጋሪ» እርዳኝ ነው። ልጁ የሰማው «እኔን…» የሚል ጅምር ንግግር ነው። እኔን ምን? እርዳኝ? ጠብቀኝ? ትእዛዙ እስኪሞላ በአደብ ጠበቀ። እኛ ደግሞ አደቡን እንደ ንቀት ቆጠርንበት። በማግስቱ ልጁ አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ ቀረ።

በዚያ ሳምንት ከዚህች ፊደል ሌላ ማሰብ አቃተን። አስተውለን ስናያት የራሳችን አማርኛ እንኳ ሁለት «ና» አለው። አንደኛው ጥሪ ነው፤ ወንዱን «ና»፣ ሴቷን «ነይ»፣ ብዙዎችን «ኑ» እንላለን። ይህ ቃል «መጣ» ከሚለው ግሥ አልወጣም፤ ዘሩ የግእዙ «ነዓ» ነው። ሁለተኛው ከቃል ጀርባ የሚለጠፈው ነው፤ «ሻይና ዳቦ» ስንል ያጣምራል፣ «መሽቷልና እንሂድ» ስንል ምክንያት ይሰጣል። ልጆቻችን ሁለቱን አያደናግሩም፤ ቦታቸው ይለያቸዋልና።

ወደ ዐረብኛ ስንሻገር «ና» ማለት «እኛን» ወይም «የእኛ» ነው። «ረበና» ስንል ጌታችን፣ በፋቲሓ ውስጥ «ኢህዲና» ስንል ምራን ማለታችን ነው። በግሥ ላይ ሲገባ «ቁልና» አልን ይሆናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። መዱን ትተን «ቁልነ» ብለን ካሳጠርነው ትርጉሙ «ሴቶቹ አሉ» ወደሚል ይዞራል። ሁለቱም በቁርኣን ውስጥ አሉ፤ ረጅሙን በሱረቱል በቀራ፣ አጭሩን በሱረቱ ዩሱፍ እናገኘዋለን። የተጅዊድ መምህሮቻችን በአንዲት አሊፍ የሚቆጡን ለዚህ ነው። የዐረብኛው «ና» በግእዝም ዘመድ አለው፤ «አቡነ» አባታችን ማለት ነው። ሁለቱ ከአንድ የሴም ቋንቋዎች ግንድ የወረሱት ነው።

መመሳሰል ሁሉ ግን ዝምድና አይደለም። አንድ ጊዜ ከኬንያ የመጣ እንግዳ ሻይ ስናቀርብለት «ቻይ ና ምካቴ» አለ። ሻይና ዳቦ ማለቱ ነው! በስዋሒልኛም «ና» ያጣምራል። ስዋሒልኛ ከዐረብኛ ብዙ ቃል ተውሷል፤ «ና» ግን ከባንቱ ዘመዶቹ ጋር የሚጋራው የራሱ ቃል ነው። ከእኛ አልወሰደም፣ እኛም ከእሱ አልወሰድንም፤ ሁለት መንገደኞች ሳይቀጣጠሩ አንድ ገበያ ላይ እንደሚገናኙት ነው። ኮሪያውያን «ና» ሲሉ «እኔ» ማለታቸው ነው። በኡርዱ ደግሞ «አይደለም» እና «አትሥራ» ለማለት ያገለግላል። ስለዚህ በእኛ ቤት «ቅረብ» የሚለው ድምፅ በሌላው ቤት ክልከላ ይሆናል።

የቋንቋዎቻችን መለያየት ከአላህ ምልክቶች አንዱ መሆኑን በሱረቱ ሩም 22ኛው አንቀጽ ስንቀራ ኖረናል፤ ስናስተምርም ኖረናል። ምልክቱ ራሱ ከፊታችን ቁጭ ብሎ ዓይናችንን ሲያየን ግን አላወቅነውም። በር ላይ አቆምነው።

በስምንተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄድን። አያቱን ዐፍው ጠየቅናቸው፤ ልጁንም ጠየቅነው። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቶ አያውቅም መሰለን፣ ከአያቱ ኋላ ተደበቀ። በማግስቱ መጣ። ተራው ሲደርስ በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ ያጠናነውን ቃል «ኮቱ!» ብለን ጠራነው። ተነሥቶ መጣ፤ ግን እየሳቀ ነበር። ለካ «ኮ»ውን አሳጥረነዋል። እሱ አፉን ሞልቶ «ኮ»ውን እየሳበ፣ «ቱ»ን እያጠበቀ ደግሞ ደጋግሞ አሰማን። እኛም እንደ ደረሳ ተከተልነው። ከዚያ ቃዒዳውን ገለጥንና የ«ና»ን መድ አስቀራነው፤ በአንድ ጊዜ ያዘው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ልጅ የምታስቀሩ፣ ሱቅ የምትሸጡ፣ ጎረቤት ያላችሁ ሁሉ፣ ጠርታችሁት ያልመጣ ሰው ሲገጥማችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደሰማ ጠይቁት። ሑስኑ ዘን ከዚህች ትንሽ ጥያቄ ይጀምራል። እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን አንድ ልጅ ለሳምንት ከቁርኣን አርቀናል። አላህ ይማረን።