ጠንከር ያለውን ስጪኝ

አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት በምሠራበት ዘመን የሕመም ማስታገሻ የሚመሰገነው ቶሎ ዝም ካሰኘ ብቻ ነበር። ቁርጥማት ሲያሠቃያቸው ያደሩ እናት ገና ከበሩ፣ «ልጄ፣ ጠንከር ያለውን ስጪኝ» ይሉኛል። ጠንከር ያለው ዳይክሎፌናክ ነው፤ መርፌ ከሆነ ደግሞ ምርቃቱ ይበዛል። ፓራሲታሞልን ከሕፃን ትኩሳት ማብረጃነት አልፎ ለአዋቂ የሚበቃ መድኃኒት አድርጎ የሚቆጥረው ጥቂት ሰው ነበር። ጨጓራ ወይም ግፊት እንዳለባቸው ስጠይቅ ለመከልከል ሰበብ የምፈልግ ይመስላቸዋል።

ዳይክሎፌናክ በርግጥ ያሽላል። ሕመምና እብጠት የሚያባብሰው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያግዳል። ግን ይኸው ፕሮስታግላንዲን ነው የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀው፤ ኩላሊትም ደም በደንብ እንዲያገኝ የሚረዳው እሱ ነው። ስለዚህ ለጉልበት ሕመም ብለው የዋጡት ፍሬ ጨጓራ ሊያደማ፣ ግፊት ሊጨምር፣ ሲደጋገምም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ጨጓራን ብዙ አይጎዳም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ የዚሁ የዳይክሎፌናክ ወገን የሆነው ቫዮክስም ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን እንደሚያበዛ ታውቆ በ2004 አምራቹ ከገበያ ሰበሰበው።

ዛሬ የምሠራው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ እናት የሐኪሙን ወረቀት ሳነብላቸው፣ «አሜሪካ ድረስ መጥቼ ታይሌኖል?» ይላሉ። ታይሌኖል ያው ፓራሲታሞል ነው። ቅሬታቸው ይገባኛል፤ ሕመማቸው የተናቀ መስሏቸው ነው። ሆኖም በ2017 ኒው ዮርክ ውስጥ እጅና እግራቸው ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል የገቡ ከ400 በላይ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አንድ ላይ የወሰዱትና እንደ ኦክሲኮዶን ያሉ ኦፒዮይዶችን (የሞርፊን ወገን ማስታገሻዎችን) የወሰዱት ከሁለት ሰዓት በኋላ ያገኙት እፎይታ ያን ያህል አልተለያየም። በ2018 የወጣው ሌላ ጥናት የወገብ፣ የዳሌና የጉልበት ሕመም የጸናባቸውን 240 የቀድሞ ወታደሮች ለአንድ ዓመት ተከታተለ። ኦፒዮይድ የወሰዱት ሌላ ማስታገሻ ከወሰዱት የበለጠ አልተሻላቸውም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን በእነሱ ላይ በዛ። ፓራሲታሞልም ቢሆን ገደብ አለው። ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከስምንት ፍሬ በላይ ከወሰደ ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል።

ከኦፒዮይዶቹ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚመለከተን ኮዴይን ነው። ኮዴይን በራሱ ያን ያህል አያስታግስም፤ ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 (CYP2D6) የሚባለው ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው ሕመም የሚያበርደው። ትራማዶልንም ይኸው ኢንዛይም ያበረታዋል። አንዳንድ ሰው የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል ደርቦ ይወለዳል፤ እንዲህ ያለው ሰው የታዘዘለትን ልክ ውጦ እንኳ ሰውነቱ ውስጥ የሚፈጠረው ሞርፊን ከታሰበው በላይ ይሆናል። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ዘረ መሉን ደርበው እንደያዙ አገኘ። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ በጣም ያነሰ ነው። ሞርፊኑ ሲበዛ ውጤቱ ከባድ እንቅልፍ፣ ሲብስም የትንፋሽ መዳከም ነው። የምታጠባ እናት ከሆነች ሞርፊኑ በጡቷ ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 ኮዴይንና ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም እንዳይሰጡ ከለከለ፤ ለሚያጠቡ እናቶችም እንደማይመከሩ አስታወቀ። በዚህ የተነሳ ገና የወለደች የአገሬ ልጅ ኮዴይን የታዘዘበት ወረቀት ይዛ ስትመጣ ለሐኪሙ እደውላለሁ። ከየት እንደመጣች የጠየቃት ሐኪም ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

አገር ቤት ደግሞ ያን ጊዜ ጠንካራው ዳይክሎፌናክ ነበር፤ ዛሬ ትራማዶልም ታክሎበታል፣ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ወጣትም አለ። ሱስ ያስይዛል፤ ሲበዛም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል። በሌላ በኩል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ባወጣው የካንሰር ሕመም መመሪያ ለጠናው ሕመም የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያስቀመጠው ሞርፊን ነው፤ ያ ሞርፊን ዛሬም ለብዙው የካንሰር ሕመምተኛ አይደርስም። ለጉልበት ሕመም ኃይለኛ መድኃኒት ስንሻ፣ ኃይለኛው በእውነት የሚያስፈልገው ሰው ያለ እሱ እያደረ ነው።

ዘመዶቼ ሲደውሉ አድቪል (ኢቡፕሮፌን) እና ታይሌኖል ላኪልን ይላሉ፤ እልካለሁ፣ ስንት ፍሬና ከምግብ በኋላ መሆኑንም ጽፌ። ሞርፊን ግን በሰው ሻንጣ አይላክም። መንግሥት በበቂ መጠን ሲያስገባ፣ ሐኪሙ ሱስን ፈርቶ ለማዘዝ እጁን ሳያጥፍ፣ የሆስፒታሉም መድኃኒት ቤት ሳያቋርጥ ሲይዘው ነው ሕመምተኛው አልጋ ድረስ የሚደርሰው።