ከላይ ሲያዩን

መቼም አረካ ላይ «መብራት ሄደ» እና «መብራት መጣ» ራሱን የቻለ ዜና ነው። ጋዜጠኛ አያስፈልገውም፤ የሰፈሩ ልጆች በጩኸት ያሰራጩታል። እኛ የጋዜጠኝነት ምሩቃን ግን ሌላ ዜና ይዘናል፦ ለካ መብራታችንን ከሰማይ ሆኖ የሚቆጥር አለ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቶሞሂሮ ኦዳ እና ሻሚል ማክስዩቶቭ የተባሉ ተመራማሪዎች «ኦዲያክ» የሚባል የካርቦን ካርታ ይዘው ብቅ አሉ። አንድ አገር ካቃጠለው ነዳጅ የወጣውን ካርቦን ይወስዱና ሳተላይት በሌሊት ባነሳው ምስል ላይ ያከፋፍሉታል። ብርሃን የበዛበት ብዙ ይደርሰዋል፤ የጨለመበት ምንም።

ሰዎቹ ብልሆች ናቸው፤ የኃይል ማመንጫዎችን ለብቻ ነጥለዋል። ለምን ቢሉ፣ መብራት የሚያሳየው ኤሌክትሪኩ የደረሰበትን ነው፤ የመነጨበትን አያሳይም። ጆሃንስበርግ ደምቃ ታድራለች፤ የድንጋይ ከሰሉ ጭስ ግን በአብዛኛው የሚወጣው ከወደ ምፑማላንጋ ነው። ስለዚህ ማመንጫዎቹ «ካርማ» ከተባለ መዝገብ ተፈልገው በየቦታቸው ተቀመጡ።

እስቲ ወደ እኛ እንምጣ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል ኦሞን ገትቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጭስ ማውጫ ግን የለውም።

ታዲያ የአረካ አምፖል ምን በደለ? በውሃ እየበራ፣ በካርታው ላይ አገሪቱ ከምታቃጥለው ናፍጣና ቤንዚን ድርሻውን ይሸከማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በየሱቁ ጄኔሬተር ይነሳል። እንግዲህ ፍረዱ፦ ስንበራ በውሃ፣ ስንጨልም በናፍጣ። ካርታው የሚያነበን በተቃራኒው ነው።

ይህስ ይሁን። የሚከነክነን ሌላ ነው። ዛሬ የሌሊት ብርሃን ከሚያነሱት አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀችው ኖኣ-20፣ በላያችን የምታልፈው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። በዚያ ሰዓት የእናቶቻችን ምድጃ ከጠፋ ቆይቷል። ቢነድም ጣራ ሥር ያለ እሳት ከላይ አይታይም፤ ቢታይም እንዲህ ያለው ካርታ የተሠራው ለነዳጅ ነው፤ ማገዶን አይቆጥርም። ቆጮ ሲጋግሩ በጭስ የሚያነቡት እናቶች በስሌቱ ውስጥ የሉም።

ተመራማሪዎቹን አንወቅስም። ማንም ሄዶ ባልለካበት ስፍራ ብርሃን ጥሩ ፍንጭ ነው። ብቻ ክፍል ውስጥ የተማርነው አንድ ነገር አለ፦ ቁጥር ሲነገራችሁ «ማን ቆጠረው? እንዴትስ ቆጠረው?» በሉ። ነገ የካርቦን ገንዘብ ሲከፋፈል ካርታ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ያኔ አረካን ስለጨለመች «ንጹሕ» ብሎ እንዳያመሰግንብን!

እኛ መብራት እንፈልጋለን፤ ለአምፖሉ ብቻ ሳይሆን ለምጣዱም ጭምር። ሳተላይቷ ደምቀን ብታየንም አናፍርም።