አጠገቧ ቁጢጥ በሉ

ከመቶ ሕፃናት አንዱ ገደማ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። ብዙው ቀላል ነው፤ አንዳንዱ ግን ከባድ ነው። በቤተ ክርስቲያናችሁ ግቢ ከሚሯሯጡት ልጆች መካከልም እንዲህ ያለ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስለ እኛዋ ልንገራችሁ።

ልጃችን ሁለት ዓመቷ ነው። ሐኪሞች ሕመሟን ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት ይሉታል። አራት ችግሮች ባንድነት ማለት ነው፦ በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፤ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ዋናው የደም ቧንቧ ከቀዳዳው በላይ ተቀምጧል፤ የቀኙ የልብ ጡንቻ ደግሞ ከግፊት ብዛት ወፍሯል። ስለዚህ በቂ ኦክስጅን ያላገኘ ደም ወደ ሰውነቷ ይሠራጫል። ስታለቅስ ከንፈሯና ጥፍሮቿ ይጠቁራሉ።

ትንሽ ሮጣ ቁጢጥ ትላለች። ማንም አላስተማራትም። እግሯ ሲታጠፍ ወደ ታች የሚወርደው ደም መንገዱ ይጠብበትና ወደ ሳንባ የሚሄደው ይበዛል፤ ትንፋሿም ይመለሳል። አንድ እሑድ አንድ ደግ ወጣት “ነይ፣ ተነሺ፣ ጎበዝ!” ብሎ እጇን ስቦ አነሣት። ነገሩን ስነግረው ምንም ሳይል አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ጠበቃት። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዋ ነው።

አንዳንድ ሌሊት ሕመሙ ይብስባታል። ያን ጊዜ ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ አጥፌ አቅፋታለሁ፤ ባለቤቴ መኪና ፍለጋ ይሮጣል። እጄ ጉልበቷን ይይዛል፣ አፌ ይጸልያል። ሁለቱ ተጣልተውብኝ አያውቁም። ሐኪም ያስተማረኝን ማድረግ ከእምነት መጉደል ነው የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት።

የሚያስፈልጋት ቀዶ ሕክምና ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ እንዲጀምር ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ ዓመት ደክመዋል። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ግን በሺህ ይቆጠራሉ፤ የእኛም ከእነርሱ አንዷ ናት። የሌላ ልጅ ተራ ደረሰ ሲባል ደስ ይለኛል፤ ያመኛልም። ሁለቱንም ለጌታ እነግረዋለሁ። ተራዋ ሲደርስ በሕይወት እንድትገኝ በየዕለቱ እለምነዋለሁ።

“ምን በድላችሁ ይሆን?” ያሉን ወገኖች አሉ። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታ ግን ጥፋቱን በእርሱም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። በሰንበት ትምህርት ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። አሁን ግን በቤቴ እንጀራ ሆኖልኛል።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ጉንፋን ከያዛችሁ እንዲህ ያለውን ልጅ አትሳሙት፤ ለእርሱ ቀላል አይደለም። ወላጆቹን “አይዟችሁ” ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ ሆስፒታል ሲያድሩ ምሳ አድርሱላቸው፣ ታላላቆቹን ልጆች ጠብቁላቸው። ዕድሜያችሁ 18 የሞላና ጤነኞች ከሆናችሁ ደም ለግሱ፤ የልብ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ደም ይፈልጋል። ለመጸለይ ስትመጡም አስቀድማችሁ “ዛሬ እንዴት አደረች?” ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን እስክንጨርስም ተቀመጡ።