ከኩታበር እስከ ስታዲየም

አንባቢ ሆይ፤ ደሴን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ኩታበርን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ኩታበር ከደሴ በስተ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። አገሩ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር የሚበቅልበት ነው፤ ብርዱም ጋቢ የሚያስደርብ ነው። ከገበያ ቀን በቀር ጸጥ ያለች ናት። የታወቀ ሕንፃ ለማየት ፈልገህ የመጣህ እንደሆነ፣ ደሴ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን የአይጠየፍ አዳራሽ አይተህ ብትመለስ ይሻልሃል። ነገር ግን አመሻሽ ላይ ወደ ሜዳው ብትወጣ ኩታበር ያላትን ሀብት ታያለህ፤ ይኸውም ኳስ የሚጫወቱ ልጆቿ ናቸው።

የግቡ ምሰሶ ሁለት ድንጋይ ነው። ኳሱ አንድ ቀን እውነተኛ ኳስ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት ካልሲ ይሆናል። በልጆቹ ካናቴራ ላይ የእንግሊዝ አገር ቡድኖች ስም ተጽፎ ታነባለህ። ዳኛ የለም፤ ጠብ ግን አልፎ አልፎ አለ፤ ጨዋታውም ዓይን ኳሱን መለየት እስኪያቅተው ድረስ ይቀጥላል።

እኔ በዚህች ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የማስተምር ነኝ። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ፣ ሲመራ ቆይቶ በመጨረሻ ስላሸነፈ ቡድን የምታውቁትን ንገሩኝ አልኋቸው። ወዲያው ሊቨርፑል በ1997 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ በሚላን 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ ዋንጫ እንደ ወሰደ፣ ማን ማን እንዳገባ ጭምር ዘረዘሩልኝ። ከመካከላቸው ያን ጊዜ የተወለደ አንድም አልነበረም። «ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአገራችን የሆነውንስ?» ብዬ ብጠይቅ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ የጥምቀት ሰሞን ነው» አለኝ። አልተሳሳተም፤ ከጥምቀት ሦስተኛው ቀን፣ ዕለቱም እሑድ ነበር። ስለዚህ የዕረፍቱ ጊዜ ሲደርስ፣ የዚያ ቀን ነገር የተፈጸመበትን ቦታ በዓይኔ አይቼ ለልጆቹ ለመንገር ወደ አዲስ አበባ ተነሣሁ። አንተም አብረኸኝ ተጓዝ።

ከደሴ እስከ አዲስ አበባ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው፣ ገና ፋብሪካዎቹን ከማየቱ በፊት ጋቢውን ያወልቃል። ከዚያ በኋላ ሐርቡና ከሚሴ፣ ካራቆሬና አጣዬ፣ ሰንበቴና ሸዋ ሮቢት ተራ በተራ ያልፋሉ፤ አገሩ ቆላ ነውና ሙቀቱ ይበረታል። ከደብረ ሲና ወዲያ መኪናው እየጓራ ጣርማ በርን ይወጣል፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በተራራው ውስጥ የፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ እንደገና ወደ ብርዱ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሜዳ ይገባል።

ይህን መንገድ የኩታበር ሰው በሌላ ምክንያትም ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ኩታበር ደርሶ፣ በኋላም ደሴና ኮምቦልቻ በተያዙ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ልጁን አዝሎ በዚሁ ጎዳና ወደ ደቡብ ተሰደደ፤ እስከ ደብረ ብርሃን የደረሰውም ብዙ ነው። ኅዳር ሲያልቅ ከተሞቹ ተለቀቁ፤ ስደተኛውም በመጣበት መንገድ ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ። ከተማሪዎቼ መካከል ይህን ጉዞ በእግራቸው የሞከሩት አሉ። እንግዲህ መመራት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ለእነርሱ ማስተማር አያስፈልገኝም። ልነግራቸው የሚገባኝ የቀረውን ነው።

እነሆ አሁን ከአዲስ አበባ ስታዲየም ፊት ቆመናል። ስታዲየሙ የሚገኘው ከመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ ከለገሃር የባቡር ጣቢያም ሳይርቅ ነው፤ ያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ ነበር። ዙሪያው የታክሲ ጥሪና የሰው ግርግር ነው። አላፊው መንገደኛ ሁሉ ወደ ጉዳዩ ይሮጣል እንጂ ግንቡን ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ሆኖም ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የወሰደችው አንድ የአፍሪካ ዋንጫ የተገኘው በዚህ ግንብ ውስጥ ነው።

የዚያን ቀን ጨዋታ ለማወቅ አስቀድሞ የነበረውን ማስታወስ ይገባል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በዘር ልዩነት ሕጓ ምክንያት ከውድድሩ ስትወጣ ኢትዮጵያ በቀጥታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በዚያም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት፤ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የሚባለው ተጫዋች ነበር። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ እንደገና ተገናኙ፤ እንደገናም 4 ለ 0 ሆነ። እንግዲህ በሁለት ጨዋታ ስምንት ግብ ገብቶብን እኛ አንድ እንኳ አላገባንም ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው ውድድር ወደ አገራችን መጣ። የተወዳደሩት አራት ቡድኖች ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች፤ በሌላ በኩል የቆመችው ያችው ግብፅ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ስሟ የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ ይባል ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። ከዕረፍት በኋላም ብዙ ደቂቃ አለፈ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ ግብ አገባችና አቻ ሆነች። በደጋፊው ዘንድ የነበረውን ደስታ አንተው ገምተው፤ ነገር ግን ደስታው አንድ ደቂቃ ብቻ ቆየ። በ75ኛው ደቂቃ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አገባ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንድትቆም እለምንሃለሁ። ስለዚያ ቀን የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ዋንጫውን ነው፤ እኔ ግን ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ያሉትን ዘጠኝ ደቂቃዎች አስባለሁ። አንድ ጊዜ መመራት ኃይለኛ ሰው የሚችለው ነገር ነው። ደክመህ፣ ለፍተህ፣ አቻ ከሆንህ በኋላ ወዲያው እንደገና ወደ ታች መውረድ ግን ልብን ይሰብራል። ያውም በሁለት ውድድር ስምንት ግብ ባገባብህ ቡድን! ሰው «ዕድላችን ነው» ብሎ እጁን የሚሰጠው በእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ግን ኳሱን ከመካከል አስቀምጠው እንደገና ጀመሩ፤ በ84ኛው ደቂቃም ሁለተኛውን ግብ አግብተው አቻ ሆኑ።

መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 አለቀና 30 ደቂቃ ተጨመረ። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎ አገባ፤ ኢትዮጵያም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መራች። በ117ኛው ደቂቃ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። ካርቱምና ካይሮ ላይ በእኛ ላይ የተቆጠረው አራት ግብ አሁን በእኛ ስም ተጻፈ። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ታላቅ ወንድም፣ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት አሥመራ የተወለዱ ነበሩ። ቡድኑን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ያን ጨዋታ የወሎ ሰው በዓይኑ ሊያየው አልቻለም፤ ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነውና። ልጆቻችን የኢስታንቡሉን ጨዋታ ደጋግመው በሥዕል ያዩታል፤ የአዲስ አበባውን ግን የሚያገኙት ከሚናገር ሰው አፍ ብቻ ነው፤ ተናጋሪውም እየተመናመነ ሄዷል። መንግሥቱ ወርቁ በ2003 ዓ.ም.፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐርፈዋል።

ከግብፅ ጋር ያለው ፉክክር ግን አላለቀም። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፋለች። ይሁን እንጂ ያን ድል ያየው ሜዳ በማላዊ አገር፣ በሊሎንግዌ ከተማ የሚገኝ ነው፤ በአገራችን የተፈለገውን ደረጃ የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረ ጨዋታችንን በሰው አገር ለማድረግ ተገደን ነበር። የኛም ስታዲየም በነዚህ ዓመታት ለእድሳት ተዘግቶ ቆይቷል። በ1954 ዓ.ም. አፍሪካን በቤቱ የተቀበለ ሕዝብ፣ ከ60 ዓመት በኋላ ሜዳ ተውሶ መጫወቱ ሊያሳስበን ይገባል።

አንባቢ ሆይ፤ ተማሪ ከሆንህ ፈተና የወደቅህበት ቀን ይኖራል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህም የደመወዝህ ማነስና የዕድገትህ መዘግየት ተስፋ የሚያስቆርጥህ ሰዓት አለ። በዚያን ጊዜ 75ኛውን ደቂቃ አስብ። ከዚህም ጋር አንድ ሥራ ልስጥህ። በዚያ እሑድ 20 ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ነው። በሰፈርህ፣ በቤተ ዘመድህ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ካለ፣ ሳትዘገይ ሄደህ አጠገቡ ተቀመጥና፣ «አባባ፣ ያን ቀን የት ነበሩ?» ብለህ ጠይቀው። የሚነግርህንም በደብተር ጻፈው።